የነዘረኝ መኪናው ነው ወይስ ወንበሩ?

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ሳምንት ሳይሞላው ደስታቸው ጠፋ። "ይሄ መኪና ኮረንቲ ይለቃል" አሉኝ በር ላይ አግኝተውኝ። ወርደው በሩን ሊዘጉ ሲሉ ጣታቸው ላይ ቷ ይላል። ማታ ማታ ደግሞ ብልጭ ሲል አይተውታል። ጋራዥ ወሰዱት። ልጆቹ በኮምፒውተር መረመሩት፣ ምንም አላገኙበትም። ጋሼ ግን አላመኑም። "እንዴት ምንም የለውም? ጣቴ ይዋሻል እንዴ?"

ጣታቸው አልዋሸም። መኪናውም ግን ጥፋት የለበትም። የነዘራቸው ነገር የመጣው ከተቀመጡበት ወንበርና ከለበሱት ሹራብ ነው። በቤንዚን መኪናም በናፍጣም እኩል ያጋጥማል። ብቻ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከተማው ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ጥርጣሬውም አብሮ በዛ። ድሮ አሮጌ መኪናው ሲነዝረው እጁን አራግፎ የሚያልፍ ሰው፣ ዛሬ "ባትሪው ነው" ብሎ ይደነግጣል።

ኮረንቲው ከየት ይመጣል?

ተማሪ እያለን እስክርቢቶ ፀጉራችን ላይ አሽተን ቁርጥራጭ ወረቀት አንስተንበታል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ ከኋላ ወንበር የሚሠራ ሥራ ነው። እስክርቢቶው ባትሪም ሽቦም የለውም፣ ወረቀቱን ግን ይስባል። መብራት በጠፋበት ሌሊት ብርድ ልብስ ሲገፈፍ የሚታየው ብልጭታም የዚሁ ዘመድ ነው። ሁለቱም እስታቲክ ኤሌክትሪክ ናቸው።

እስታቲክ ማለት የቆመ፣ የማይፈስ ማለት ነው። የሶኬቱ ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ይሄኛው ግን አንድ ቦታ ተጠራቅሞ መውጫ ይጠብቃል።

የሚጠራቀመው እንዲህ ነው። ማንኛውም ነገር ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲላቀቁ፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ኤሌክትሮን ይዞ ይሄዳል። የወሰደው ትርፍ ያገኛል፣ የተወሰደበት ይጎድልበታል። ይህ ትርፍና ጉድለት ቻርጅ ይባላል። ብዙ ሰው መፋተግ ግድ ይመስለዋል። መፋተግ ንክኪውን ያበዛዋል እንጂ፣ ተነካክቶ መላቀቅ ብቻውንም ይበቃል።

ሁለቱም ብረት ቢሆኑ የተወሰደው ወዲያው ተመልሶ ይተካ ነበር፤ ኤሌክትሮን ብረት ውስጥ እንደ ልቡ ይመላለሳል። ፖሊስተር፣ ሱፍ፣ ፕላስቲክና ላስቲክ ግን አያሳልፉትም። የሄደው እንደሄደ ይቀራል።

አሁን ወንበሩን እንየው። አብዛኛው የመኪና ወንበር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወይም ቆዳ መሰል ላስቲክ ነው። እኛ ደግሞ በላዩ ላይ ሌላ የወንበር ልብስ እናለብሰዋለን። መኪናው አዲስ ከሆነ የፋብሪካው ፕላስቲክ ዓመት ሙሉ ሳይነሣ የሚከርምበት ጊዜም አለ። (ለማን እንደሚቀመጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም።) እዚያ ላይ ሹራብና የፖሊስተር ሱሪ ለብሶ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ወዲያና ወዲህ እያሉ መቀመጥ ማለት፣ እስክርቢቶውን ፀጉር ላይ አንድ ሰዓት እንደማሸት ነው።

ተቀምጠን ሳለን ዝም ብሎ ስንወርድ ለምን ይነዝራል?

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ እስካለን ድረስ የአንዳችን ትርፍና የሌላው ጉድለት ተጣብቀው ነው ያሉት። ስለሚሳሳቡ አንዱ ሌላውን ይዞ ያስቀምጠዋል። ልክ ስንነሣ ግን ይለያያሉ።

ላስቲክ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ለጥጡት። ላስቲኩ ያው ነው፣ የተጨመረበት ነገር የለም። በተለጠጠ ቁጥር ግን ውጥረቱ ያይላል። ቻርጅም እንደዚያው ነው። የኤሌክትሪክ ውጥረት የሚለካው በቮልት ነው። ከወንበሩ ተነሥተን እግራችን መሬት እስኪረግጥ ባለችው አንድ ሁለት ሰከንድ፣ የሰውነታችን ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ይወጣል። ቀኑ ደረቅ ከሆነና ልብሱም ከተስማማው አሥር ሺህ ቮልት መድረስ አይከብደውም።

እሺ፣ መሬት ረገጥን። ጫማችን ግን ላስቲክ ነው፣ ቻርጁን ወደ መሬት አያወርደውም። ይዘነው ቆመናል። ዞር ብለን በሩን ልንዘጋ እጃችንን እንዘረጋለን። የመኪናው ብረት ሰፊ ስለሆነ ቻርጁን እንዳለ መዋጥ ይችላል። ጣታችን ሊነካው ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቻርጁ አየሩን ሰንጥቆ ይዘላል። አንድ ሚሊ ሜትር አየር ለመዝለል ወደ 3,000 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በላይ ይዘን ነው የቆምነው። የጣት ጫፍ ሹል ነገር ስለሆነ ሁሉም በአንዲት ነጥብ በኩል ይወጣል፤ የሚያሳምመውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ መኪናው ተቀባይ እንጂ ሰጪ አይደለም። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና "እና እኔ ነኝ መኪናውን የነዘርኩት?" አሉ። አዎ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት።

አሥር ሺህ ቮልት ከሆነ ለምን አልገደለንም?

የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ እሱ ሰው ይገድላል። አሥር ሺህ ቮልቱ ግን እጅ አስነሥቶ ይተዋል። ግራ ያጋባል፣ አይደል?

ቮልትን እንደ ከፍታ፣ የቻርጁን ብዛት እንደ ውኃ እንየው። ከአሥረኛ ፎቅ አንዲት ጠብታ ውኃ ብትወድቅባችሁ ቀና ብላችሁ ትሳደቡና ታልፋላችሁ። የሞላ ወንዝ ግን ከጉልበት ባይበልጥም ጠራርጎ ይወስዳል። ሰውነታችን ላይ የተጠራቀመው ጠብታዋ ነው። ከፍታው ያስፈራል፣ ውኃው ግን የለም። ብልጭታው የሰከንድ ሚሊዮንኛ እንኳ ሳይሞላው ያልቃል። ከሶኬቱ በኩል ግን አገር ምድሩን የሚያበራ ጣቢያ ቆሞ ያለማቋረጥ ይልካል። መብረቅም በትውልዱ እስታቲክ ነው፤ እሱ ግን ከፍታውንም ውኃውንም ይዞ ስለሚመጣ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

በነገራችን ላይ ከሁለት ሦስት ሺህ ቮልት በታች ከሆነ ጭራሽ አይሰማንም። ቀኑን ሙሉ ሳናውቀው ብዙ ጊዜ እንነዛዘራለን ማለት ነው።

ጉዳት የሚመጣው ከመደንገጡ ነው። ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ትኩስ ቡና የያዘ ሰው፣ ወይም በአስፋልቱ በኩል ወርዶ በድንጋጤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ የሚያፈገፍግ ሾፌር። ሌላው ነዳጅ ነው፤ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ለምን በበጋ ይብሳል?

በሐምሌና በነሐሴ ማን ነዝሮት ያውቃል? አየሩ እርጥበት ሲኖረው በልብሱም፣ በወንበሩም፣ በቆዳችንም ላይ ዓይን የማያየው ስስ የውኃ ሽፋን ይቀመጣል። ቻርጁ በዚያ ላይ እየሾለከ ሳይጠራቀም ያልቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ከንፈር ሲሰነጠቅና ተረከዝ ሲነቃ ያ ሽፋን ይጠፋል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ40 በመቶ ሲወርድ እስታቲክ በደንብ ይነሣል።

ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ወይም ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ይህን የሚያውቁት በበረዶው ወራት ነው። እዚያ በረዶ እየጣለ አየሩ እንዴት ይደርቃል? በጣም የቀዘቀዘ አየር ውኃ የመያዝ አቅም የለውም። ያንኑ አየር በማሞቂያ ስናሞቀው ውኃው ሳይጨመርበት የመያዝ አቅሙ ብቻ ይሰፋል፤ ስለዚህ ደረቅ ይሆናል። ወፍራም የሱፍ ካፖርት ሲታከልበት እንግዲህ አስቡት። ዱባይ ባሕሩ ዳር የውጩ አየር ወበቅ ቢሆንም የመኪናው ኤሲ ውስጡን ያደርቀዋል። ሪያድ ግን ውጩም ደረቅ ነው።

እሱን ሳይነዝረው እኔን ብቻ ለምን?

"ደምህ ኮረንቲ አለው" ይባላል። "ጨው አንሶህ ነው" የሚልም አለ። ደምም ጨውም የሉበትም። ሁለት ሰዎች ከአንድ መኪና ወርደው አንዱን ብቻ የሚነዝረው በልብስ፣ በጫማና በአወራረድ ልዩነት ነው። ጥጥ እርጥበት ስለሚይዝ ቻርጅ አያጠራቅምም ማለት ይቻላል፤ ጋቢ ለብሶ የሚወርድ ሰው ከፖሊስተር ጃኬት ለባሹ ይሻለዋል። ሶሉ ቆዳ የሆነ ጫማም ቻርጁን ቀስ እያለ ወደ መሬት ያወርዳል፤ ወፍራም ሶል ያለው ስኒከር ግን አስሮ ይይዘዋል። ደረቅ ቆዳ ያለው ሰውም ይብስበታል። ለዚህ ነው ሎሽን ወይም ግሊሰሪን የሚቀባ ሰው ትንሽ የሚቀልለው፤ ግሊሰሪን ውኃ ይስባል።

ጎማውስ? ከኋላ የሚጎተተው ላስቲክስ?

"መኪናው ሲሄድ ከአየሩ ጋር ተፋትጎ ነው፤ ጎማው ደግሞ ላስቲክ ስለሆነ መሬት አያወርደውም" የሚለውን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ምክንያታዊ ይመስላል፣ ግን ጎማ ንጹሕ ላስቲክ አይደለም። ንጹሕ ላስቲክ ነጣ ያለ ነው። ጎማን ያጠቆረው ካርቦን ብላክ የሚባል፣ ከጥቀርሻ የማይለይ ዱቄት ነው። እንዲጠነክርና እንዳያልቅ ነው የሚጨመርበት፤ በዚያውም ኤሌክትሪክ በመጠኑ ያሳልፋል። መኪናው ሲሄድ ያጠራቀመውን ከቆመ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ወደ መሬት ይለቀዋል።

እርግጥ በ1992 እ.ኤ.አ. ሚሸሊን ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ከካርቦን ብላኩ ብዙውን በሲሊካ የተካ ጎማ አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሲሊካ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ በጎማው መሐል ለመሬት ማውረጃ የምትሆን ቀጭን የካርቦን መስመር ያስገቡበታል።

አንዳንድ መኪና ከኋላው የሚያስጎትተው ላስቲክ የመኪናውን ቻርጅ ያወርድ ይሆናል። የእኛን ግን አያወርድም፤ ቻርጁ ያለው ሰውነታችን ላይ ነው። ለእሱ ብር ማውጣት እኔ አልመክርም።

ታዲያ ምን ላድርግ?

አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ይበቃል። *ከመነሣታችሁ በፊት ብረት ያዙ።* በሩን ከፍታችሁ፣ መቀመጫችሁ ገና ከወንበሩ ሳይላቀቅ፣ እጃችሁን ባዶ ብረት ላይ አድርጉ። ከዚያ ተነሡ፣ እግራችሁ መሬት ረግጦ ቀጥ ብላችሁ እስክትቆሙ እጃችሁን አትልቀቁ። በዚህ ጊዜ ቻርጁ እየተፈጠረ እያለ በእጃችሁ በኩል ሹልክ ይላል። የሚጠራቀም ስለሌለ የሚዘልም የለም።

ባዶ ብረት ያልኩት በምክንያት ነው። የመኪና ቀለም ኤሌክትሪክ ይከለክላል፣ የፕላስቲክ እጀታማ ጨርሶ አይጠቅምም። በሩ ሲዘጋ ቁልፉ የሚነክሰው፣ በሩ የሚገጥምበት ምሰሶ ላይ የታሰረ ያልተቀባ ብረት አለ፤ እሱ ጥሩ ነው። የበሩ ማጠፊያም ቀለም ካልተቀባ ይሆናል። በሩ ሲዘጋ ጣት እንዳትረሱበት ብቻ።

ረስታችሁ ከወረዳችሁስ? በጣት ጫፍ አትንኩ። የመኪና ቁልፍ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አጥብቃችሁ ያዙና በእሱ ጫፍ ብረቱን ንኩ። ብልጭታው ከሳንቲሙ ላይ ይዘላል፤ ከእጃችሁ ወደ ሳንቲሙ ያለው ንክኪ ሰፊ ስለሆነ አይሰማችሁም። የቁልፉ ብረት እንጂ ፕላስቲኩ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ምንም ካልያዛችሁ በክርናችሁ ወይም በመዳፋችሁ ንኩ፣ ሕመሙ ከጣት ጫፍ ይቀንሳል። ሌላ ዘዴም አለ፤ ብረት ከመንካት በፊት መዳፍን መስኮቱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ማሳረፍ። መስታወት ቻርጁን በዝግታ ስለሚያሳልፍ ሳይነዝር ያራግፈዋል።

ከምንጩ ማድረቅ ለሚፈልግ ደግሞ የልብስ ማለስለሻ አለ። ትንሽ ጠብ አድርጎ በብዙ ውኃ በጥብጦ በመርጫ ወንበሩ ላይ መርጨትና ማድረቅ ነው። ማለስለሻው እርጥበት ስለሚስብ ለተወሰኑ ሳምንታት ይረዳል። ወይም የጥጥ የወንበር ልብስ። ያንን ፕላስቲክ ደግሞ እባካችሁ አንሱት።

ነዳጅ ማደያ ላይ ግን ቀልድ የለም

የቤንዚን ተን ከአየር ጋር ሲቀላቀል እጅግ ትንሽ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። ጣታችን ላይ የተሰማን ብልጭታ ለዚያ ከሚበቃው በላይ ነው። ናፍጣ በተለመደው ሙቀት ያን ያህል ተን ስለማይሰጥ ሥጋቱ በዋናነት የቤንዚን ነው።

አገር ቤት ቀጂው ስለሚቀዳልን ይህ ብዙም አይገጥመንም። አሜሪካ ያለ ሰው ግን ከኒው ጀርሲ በቀር ራሱ ነው የሚቀዳው። መቅጃውን ሰክቶ ይተውና ብርድ ሲሆንበት መኪናው ውስጥ ይገባል። ተመልሶ ሲወርድ ከወንበሩ ቻርጅ ይዞ ይወርዳል፤ በቀጥታም ሄዶ መቅጃውን ይይዛል። ተኑ ደግሞ እዚያው አፉ ላይ ነው። የአሜሪካው የነዳጅ መሣሪያዎች ኢንስቲትዩት በሰበሰባቸው የቃጠሎ ሪፖርቶች ብዙዎቹ አሽከርካሪዎች እንዲህ ገብተው የወጡ ነበሩ። በሞባይል ስልክ ምክንያት ተነሣ ተብሎ የተረጋገጠ ቃጠሎ ግን አላገኘም፤ ስልክ የሚከለክለው ምልክት በየማደያው ቢለጠፍም።

ስለዚህ እየቀዳችሁ መኪና ውስጥ አትግቡ። ከገባችሁም ስትወርዱ ከነዳጁ አፍ ራቅ ያለ ብረት ነክታችሁ ነው ወደ መቅጃው የምትሄዱት። እሳት ከተነሣ መቅጃውን እንዳትነቅሉት። ከነቀላችሁት ነዳጁን እየረጫችሁ እሳቱን ትበትኑታላችሁ። ትታችሁት ራቁ፣ ለሠራተኛው ጩኹ።

ጀሪካን ላይ ደግሞ እኛም አለንበት። ጀሪካኑ መኪና ላይ እንዳለ፣ በተለይ የፒክአፕ ፕላስቲክ ንጣፍ ወይም የኋላ ምንጣፍ ላይ ሆኖ መቅዳት አደገኛ ነው። ነዳጁ ራሱ በቱቦው ሲፈስ ቻርጅ ይፈጥራል፣ ፕላስቲኩ ላይ ያለ ጀሪካን ደግሞ የሚያወርድበት የለውም። መሬት ላይ ይቀመጥ፣ የመቅጃው ብረት አፉን እንደነካ ይቀዳበት። የቦቴ ሾፌሮች ማደያ ደርሰው ከማራገፋቸው በፊት ሽቦ ሲያስሩ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መኪናው ራሱ የሚሆንበት ጊዜ የለም?

አለ፣ ግን አይመሳሰልም። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ ብዙውን ጊዜ 300 ወይም 400 ቮልት አካባቢ ነው፤ 800 የሚደርስም አለ። ይህ መሥመር ከመኪናው አካል ጋር አይገናኝም፣ ለብቻው ነው የተዘረጋው። መኪናው ራሱ ይቆጣጠረዋል፣ መፍሰስ ከጀመረ ማስጠንቀቂያ ያበራል። ገመዶቹን በብርቱካናማ ቀለማቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ እነሱን ሠልጣኝ ካልሆነ ማንም አይንካ።

እስታቲክን የምትለዩት በጠባዩ ነው። አንዴ ቷ ብሎ ያበቃል፤ ወዲያው ደግማችሁ ብትነኩት ዝም ይላል። መኪናው ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቻርጅ እያደረገ ሳለ ብረቱን ስትነኩ የሚነዝዝና የማያቆም ስሜት ካለ ግን እስታቲክ አይደለም። ብዙ ቤቶቻችን ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርድ መሥመር የላቸውም፣ ያላቸውም የማይሠራ ሊሆን ይችላል። ደህና ቻርጀር ኧርዝ ከሌለ እምቢ ይላል፤ ሰው ግን በማከፋፈያና በአዳፕተር ያታልለዋል። እንዲያ ከሆነ መኪናውን ሳትነኩ ከቆጣሪው በኩል ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። መጀመሪያ የሚመረመረው የቤቱ መሥመር ነው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወዲያው የጠየቁት ቤታቸው ኧርዝ እንዳለው ነበር። አልነበረውም። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ግቢው ጥግ ብረት ቀበረ። በሩን ይዘው መውረዱንም ለምደውታል። ባለቤታቸው "በምርኩዝ የሚወርድ ሽማግሌ መሰልክ" እያሉ ይስቁባቸዋል፣ እሳቸው ግን እግራቸው በደንብ መሬት እስኪረግጥ ብረቱን አይለቁም።